ባሕሩ የነደደበት መጋዘን

የባሕር ዓሣ ስሸጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። ለማየትም አልሞትም። በርበራ ላይ የተያዘው ዓሣ በረዶ ተጭኖበት በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ይሻገርና ጅግጅጋ ይደርሳል። ሳጥኑን ስከፍት ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ ከዚያ እጠብሰዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ትውውቅ አያስፈልገንም ብዬ ነበር የማምነው።

ዓሣ መጥበስ በዚህ ከተማ የሚያስከብር ሥራ እንዳይመስላችሁ። ወጣቱ አሁን አሁን ይበላል። ግመልና ፍየል ሲያረባ የኖረ ሽማግሌ ግን በደጄ ሲያልፍ አፍንጫውን በፎጣው ይዞ ነው። የሚያኖሩኝ ከመሀል አገር የመጡ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮችና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የሚያስታውሱኝ ጾም ሲገባ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጠረጴዛዬ ላይ ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። ክርክሩ ሲያልቅ ሳህኑም ባዶ ነው። ስለዚህ እኔ ሠራሁ የምለው በነቢያት ጾምና በሁዳዴ ነው፤ በቀረው ወር ዝንብ አባርራለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ያደንቁኛል፤ ሲያደንቁኝ ደግሞ እናደዳለሁ። የሚደንቀው አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በአውራ ጣት መፈረም ነው፤ እሱን ማንም አላደነቀልኝም። ኮሮና በገባ ጊዜ በየግድግዳው ወረቀት ተለጥፎ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነብ ነበር። እኔ የማነበው የአንባቢዎቹን ፊት ነበር። ፊታቸው ሲጨልም ቤቴ ገብቼ እጄን እታጠባለሁ። አንድ ቀን አንዱ ወረቀት ፊት የሰዉ ሁሉ ፊት ሲጨልም አይቼ ክፉኛ ደንግጬ ሦስቴ ታጠብኩ፤ ለካ ወረቀቱ ውኃ ለሁለት ቀን እንደሚጠፋ የሚናገር ነው። ያለችኝንም ውኃ ጨረስኳት። ክልከላው እንደተነሣ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማንበብ ችዬ፣ የሳይንስ መጽሐፍ በእጄ ይዤ፣ ሁሉንም ያወቅሁ በመሰለኝ ጊዜ። አዲስ የተማረ ሰው አደገኛ ነው። እኔን ማየት ነው።

አስተማሪያችን ከሐረር የመጣች ወጣት ነች። እሷ «እርስዎ» ትለኛለች፣ እኔ «አንቺ» እላታለሁ፤ በዚህ ተስማምተን ኖረናል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድስቴን አጥፍቼ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩ፣ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከጎኔ የሚቀመጥ የለም። አንድ ቀን ስለ ባሕር ልታስተምረን ተነሣች።

«ባሕር ውስጥ ካለው ሁሉ በብዛትም በሥራም የሚበልጠው ዓሣው አይደለም» አለች። «በዓይን የማይታየው ነው።»

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ጀርም ነው የምትይው?»

«ደቂቅ ዘአካላት ነው የምንላቸው፣ ጋሼ። በሽታ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ሥራ ላይ ናቸው።»

«ምን ሥራ አላቸው?»

«አሁን የሳቡትን አየር ይውሰዱ። ከዚያ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን የሠሩት ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ናቸው።»

«ታዲያ ውጫሌ ላይ ጉምሩክ ሳይዘው እንዴት አለፈ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን አልተወችኝም። ባሕር ውስጥ የሚሞተውን ሁሉ የሚያፈርሱት እነሱ መሆናቸውን ነገረችን። እነሱ ባይኖሩ ባሕሩ የሬሳ ክምር ይሆን ነበር። እነሱን ደግሞ ከእነሱ ትንሽ ከፍ የሚለው ይበላቸዋል፣ እሱን ትንንሽ ዓሣ ይበላዋል፣ ትንሹን ትልቁ ይበላዋል። «ትልቁ እርስዎ መጥበሻ ላይ ይመጣል» አለች። «እርስዎ የሚሸጡት የእነሱን ድካም ነው።»

ለሰው ስደክም ኖሬ ደግሞ የጀርም ድካም ሸጥክ ተባልኩ። ማታውን ግን ዓሣ ስልጥ ቆዳውን ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አይታይም፣ ያዳልጣል ብቻ።

አሁን ከመጥበሻ ቤቴ ጎን ወዳለው፣ ተከራይቼ ዓሣዬን ወደማሳድርበት መጋዘን ልምጣ። ድሮ አንድ የየመን ነጋዴ የሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ አምስት ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ ይገባል፣ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ጅግጅጋ ውስጥ ያለ መብራት በረዶ የሚያሳድር ሌላ ቤት ፈልጌ አላገኘሁም። የቤቱ ባለቤት ከላይ የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ እምቢ ያላቸው አሮጊት ናቸው። እኔ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በረንዳቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ በግቢው ከሚገባና ከሚወጣ ሰው የሚያመልጣቸው የለም።

ትልቁ ልጃቸው የመኪና ጎማ ነጋዴ ነው። ለጎማው መጋዘኑን ይፈልገዋል፤ ስለዚህ እኔን አይፈልገኝም። ደህና ቀን «ወላል» ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ሲናደድ «ዋርያ!» ነው፣ አንተ ሰውዬ እንደማለት። አብዛኛውን ጊዜ «ዋርያ» ነኝ። ዓሣውን እባብ እያለ ይጠራዋል።

በዚያ ግቢ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ሰው የማይታመን ወሬ ካወራ፣ ልጅም ይሁን ትልቅ ሰው፣ «ባሕሩ ነደደ!» ብለው ይስቁበታል። ልጁ ዱቤ የጠየቀውን ደንበኛ ምክንያት ሰምቶ «ባሕሩ ነደደ» ይላል። ሕፃናቱ ብርጭቆውን ድመት ሰበረው ሲሉ «ባሕሩ ነደደ» ይባላሉ። ኤዶ ብቻ አይስቁም። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። የሰው ቤት ቀልድ ነው ብዬ ተውኩት።

የዚያን ዓመት የነቢያት ጾም ሲገባ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ሰነበተ። ፍሪዘሬ ቁም ሣጥን ሆነ። ከውጫሌ የመጣው በረዶም መንገድ ላይ ቀልጦ ግማሹ ብቻ ደረሰ። ጥሩ ጥሩውን ዓሣ ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀምጬ ነበርና ጨነቀኝ። ያኔ መጽሐፌ ትዝ አለኝ። ጨው ጀርም እንዳይራባ ያደርጋል ይላል። ምን ያህል ጨው የሚለውን ጽፎት ከሆነ እኔ ገጹን አልገለጥኩትም። ትልቅ ሳፋ ውኃ ሞላሁ፣ ጨው ጨመርኩ፣ ቀመስኩት፤ ደንበኛ ጨው በዛ ብሎ እንዳያማርር በልክ አደረግሁት። ዓሣዎቹን ጀርባቸው ከውኃው ብቅ እስኪል ደረደርኳቸው፣ የተረፈውን በረዶ በሳፋው ዙሪያ ከመርኩና ቆልፌ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፍ አንብቤ የሠራሁት ሥራ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከግቢው ጩኸት ሰማሁ። መጥበሻዬን አውርጄ ሮጥኩ። ልጁ የራሱን ትርፍ ቁልፍ ይዞ፣ ጎማ የሚያስገባበትን ቦታ ሊለካ፣ ሳያስፈቅደኝ ወርዶ ኖሯል። ደረጃው አናት ላይ በአንድ ጫማ ቆሞ ያለከልካል። ሌላው ጫማው መጋዘኑ ውስጥ ቀርቷል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አለ! ውስጥ አለ!»

«ማን ነው ያለው?»

«ዓይን የለውም፣ ግን ያየኛል!»

ወረድኩ። እሱም ፈርቶ ይሁን ጀግኖ አላውቅም፣ ከኋላዬ ተከተለኝ። በሩ በራሱ ክብደት ተዘጋ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ ግን አንድ ነገር መጣ። ሰማያዊ ነው ልበል አረንጓዴ፤ ነበልባል የሌለው፣ ሙቀት የሌለው ብርሃን። የዓሣ ቅርጽ አለው። ጀርባ፣ ክንፍ፣ ጅራት፤ አንድ ሰው ዓሣዎቼን በብርሃን ስሎ የሄደ ይመስላል። ሳፋው ዳር ላይ ውኃው ራሱ እንደ ቀለበት ይበራል።

እኔ በስመ አብ አልኩ፤ እሱ አዑዙ ቢላህ አለ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ዞረን በሩ ላይ ተጋጨን። ማን ማንን ገፍቶ እንደወጣ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ኤዶ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። «ምንድን ነው?» አሉ።

«ጂን ነው፣ እማዬ!» አለ ልጁ። «የሐበሻው እባቦች ውስጥ ጂን ገብቷል!»

«አንተ ምን አየህ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። መሮጤ አሳፈረኝ፣ መጋዘኑን ማጣት ደግሞ አስፈራኝ። «ምንም የለም፣ ኤዶ። መብራት ስለሌለ ነው» አልኩ።

ልጁ በአንድ ጫማው መሬቱን ረገጠ። «ባሕሩ ነደደ! ባሕሩ ነደደ!»

የኤዶ ፊት ሲለወጥ አየሁት። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየተጋፋችሁ ሮጣችሁ ወጣችሁ፣ አንተ ምንም የለም ትለኛለህ። እኔ ቤት ውሸታም አይቀመጥም። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ዕቃህን አውጣ።»

ጾሙ ገና መጀመሩ ነው። ያለዚያ መጋዘን ዓሣ ማስቀመጥ አልችልም፤ ዓሣ ካላስቀመጥኩ ጾሙ ያልፋል፤ ጾሙ ካለፈ ዓመቴ አለፈ። ከተማውን ዞርኩ። ያለው ሁሉ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዓሣው ሳይጠበስ የሚበስልበት።

ማታ ክፍል ገብቼ ለአስተማሪዋ ነገርኳት። ስነግራት ዓይኗ እየሰፋ ሄደ፣ በመጨረሻ አጨበጨበች። የሰው ቤት ሲፈርስ እንዲህ ደስ የሚላት ሴት አላየሁም።

«ጋሼ! ባሕር ሠሩላቸው እኮ!»

«ለማን?»

«የሚያበሩት ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። የባሕር ዓሣ ቆዳ ላይ ይኖራሉ፣ ከበርበራ አብረው ነው የመጡት። ባሕር ውስጥ እነሱን ሰውነቱ ውስጥ አስቀምጦ እንደ ፋኖስ የሚጠቀምባቸው ፍጥረት አለ። ጨው ባያደርጉ ይሞቱ ነበር። ብዙ ቢያደርጉም ይሞቱ ነበር። እርስዎ የባሕሩን ያህል አደረጉ፣ አቀዘቀዙላቸው፣ ጊዜ ሰጧቸው። እንዴት ልኩን አወቁት?»

«ቀምሼ ነዋ» አልኩ።

«ብርሃኑ ራሱ ሰው አይጎዳም» አለች። «ግን ያን ያህል የሰነበተ ዓሣ አይሸጡም፤ አይደል?»

«አልሸጥም» አልኩ። ሳፋ ሙሉ ዓሣ በአንድ ቃል ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዋን እንዴት እንደምወዳት አላውቅም።

በማግስቱ መጥታ ለልጁ እንድታስረዳልኝ ለመንኳት። መጣች፤ ደብተር ይዛ፣ ሥዕል ስላ መጣች። ልጁ ጎማው ላይ ተቀምጦ በጨዋ ደንብ አዳመጣት። እሷ ስትጨርስ «ስለዚህ ጂን አይደለም» አለ።

«አይደለም፣ ወንድሜ።»

«ጀርም ነው።»

«እንደዚያ ማለት... ደግ ጀርም።»

ልጁ ተነሣ። «እህቴ፣ ጂን በቁርአን ይወጣል። ጀርም በምን ይወጣል? ኮሮናን አላየሽም? አንድ ሰው ሲያስነጥስ አገር ተዘጋ፤ ይኼ ሳፋ ሙሉ ነው! ዋርያ፣ አንተ! ዓርብ አልጠብቅም፣ ነገ ውጣ!»

አስተማሪዋ ደብተሯን አጠፈች። በመንገድ ላይ «ይቅርታ፣ ጋሼ» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ያንን ያህል ተናድጄ ሳቄ መምጣቱ ራሱ አናደደኝ። ደግነቱ ኤዶ ዓርብ ያልኩት ዓርብ ነው ብለው ልጃቸውን ተቆጡት።

ዓርብ ጠዋት ሳጥኖቼን አንድ በአንድ ወደ ደረጃው አናት አወጣሁ። የጅግጅጋ ንፋስ አቧራውን አንሥቶ ፊቴ ላይ ይበትነዋል። መጨረሻ የቀረው ሳፋው ነበር። ልደፋው ተሸክሜ በበረንዳው ፊት ሳልፍ እልህ ያዘኝ። የመባረር ልምድ አለኝ፤ በምን እንደተባረርኩ ሳያዩ ሲያባርሩኝ ግን አልወድም።

«ኤዶ» አልኩ። «ዋሽቻለሁ። ነገር ነበረ። ያስወጣኝን ነገር አንድ ጊዜ ይዩት፣ ከዚያ እሄዳለሁ።»

ልጁ ዘሎ ተነሣ። «እማዬ፣ በሽታ ነው! እንዳያስገባው!»

«ስንት ዓመት የቀረኝ መስሎህ ነው በሽታ የምትቆጥርልኝ?» አሉት። «አስገባው።»

ሳፋውን መኝታ ቤታቸው አስገባሁ። የመስኮቱን መዝጊያ ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ በሩ ሥር ብርድ ልብስ ጎሰጎስኩ። ሽታው እንግዲህ የአምስት ቀን ዓሣ ነው፤ አልዋሽም። ጨለማው ውስጥ እኔና ልጁ ቆምን፤ እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ቀስ ብሎ መጣ።

የኤዶ እጅ ሲዘረጋ በብርሃኑ ፊት ጥላው ታየኝ። ልጁ «እማዬ!» አለ። እሳቸው ግን ውኃው ውስጥ ጣታቸውን ነክረው አማሰሉት። ውኃው ደመቀ። ሲያማስሉት ደመቀ፣ ሲያቆሙ ደከመ፣ እንደገና ሲያማስሉት ደመቀ።

ሴትዮዋ መሳቅ ጀመሩ። የአሮጊት ሳቅ አልነበረም። እየሳቁ ልጃቸውን በሶማልኛ ብዙ ነገር አሉት፤ ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ደገሙልኝ።

በርበራ ነው የተወለዱት። አባታቸው ወደ መርከብ በግ የሚጭኑ ሠራተኛ ነበሩ። ሲመሽ እናታቸው እግራቸውን ሊያጥቧቸው ወደ ባሕሩ ሲወስዷቸው ውኃው በእግራቸው ሥር ይበራ ነበር፤ በእጃቸው ሲረጩት እሳት የሚረጩ ይመስል ነበር። ልጅ ሆነው ወደ ጅግጅጋ መጡ፣ እዚህ አደጉ፣ እዚህ ተዳሩ። በሠርጋቸው ሰሞን ይህን ለባላቸው ዘመዶች አወሩ። የባላቸው ዘመዶች ግመል አርቢዎች ናቸው፣ ባሕር የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። የባላቸው እህት «ባሕሩ ነደደ በይኛ!» ብላ ሳቀች፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ይኸው ሳቁ እስከ ልጅ ልጅ ደረሰ።

«ኋላ ኋላ እኔም ሕልም ነው አልኩ» አሉ። «ሃምሳ ዓመት በራሴ ሕልም ተሳቀብኝ።»



እኔ በቃ ከመጋዘኑ ሳልወጣ ቀረሁ ብዬ ደስ አለኝ። ችኮላዬ ነው። ኤዶ መጋረጃውን አስከፈቱና ነገሩን እንደ ሽማግሌ ዳኛ ፈረዱት። ያ የሳቀችው የባላቸው እህት ደገሀቡር ትኖራለች። ትጠራለች፣ ትመጣለች። ስትመጣ ይህ ነገር ይበራል። ከበራ መጋዘኑ የእኔ ነው። ካልበራ የጎማ ነው።

«ኤዶ፣ ይኼ ዓሣ እስከዚያ አይቆይም፤ አሁንም ሞቶ ሞቶ አልቋል።»

«ሌላ አምጣ። አንተ ነህ የሠራኸው።»

በብርሃን ተባረርኩ፤ አሁን ደግሞ በብርሃን ልቀር ነው። እስከዚያው ልጁ መጋዘኑን በራሱ ቁልፍ ቆለፈው፤ ሳፋው ደግሞ በኤዶ ትእዛዝ አልጋቸው ሥር ገባ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። በውጫሌው ሾፌር በኩል አንድ ዓሣ አስመጣሁ፣ እንደ ልማዴ በቧንቧ ውኃ ፍትግ አድርጌ አጠብኩና ጨው ውኃ ውስጥ አስተኛሁት። ሁለት ቀን ጨለማ ነው። አስተማሪዋን ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ አጥበው አባረሯቸው እኮ!» አለች። ለሰላሳ ዓመት ንጹሕ ነህ ሲሉኝ የኖርኩት ሰውዬ በንጽሕናዬ ልባረር ነው። ሁለተኛውን ዓሣ ሳላጥብ፣ ከነልጋጉ፣ ውኃውን ቀምሼ አስተኛሁት። ኤዶ አልጋቸው ሥር ያለውን ሽታ ታቅፈው ያድራሉ። በየጠዋቱ በበሩ ሆኜ «እ?» እላለሁ፤ እሳቸው «ገና» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን «እ?» ስል «ዝም በል፣ እንዳይሰሙህ» አሉኝ። በርተዋል ማለታቸው ነው፤ እሺ አልኩ።

እንግዳዋ የመጣች ዕለት ሁሉም ነገር በአንድ ላይ መጣ። የሳምንቱ ዓሣና በረዶ ከውጫሌ ገብቶ፣ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ግቢው በር ላይ ቆመ። ልጁ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አድርጎ «መጀመሪያ እንይ» አለ። ፀሐዩ በረዶውን ያልበዋል፤ ውኃው ከጋሪው ሥር ወደ መንገዱ ይወርዳል። አህያው እንኳ ዞሮ አየኝ።

ሴትዮዋ ከሚኒባስ ወርዳ በምርኩዝ ገባች። ቀጭን ነች፣ አፏ ከእሷ በፊት ይገባል። ሰላምታ ሳትጨርስ «ምን ይሸታል? ማን ሞተ?» አለች።

«ነይ» አሏት ኤዶ።

መኝታ ቤቱ ሞላ፤ ኤዶ፣ እንግዳዋ፣ ልጁ፣ አስተማሪዋ፣ እኔ። መስኮቱ ተዘጋ። ብርድ ልብሱ በሩ ሥር ገባ። ሳፋውን ከአልጋው ሥር ሳብኩት። ምንም የለም። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ነበር፤ እኔ ግን ይህን በጭንቀት ረስቼው «ጋሪዬን ወዴት ነው የምነዳው?» እያልኩ ነበር።

ከዚያ ጅራቱ መጣ። ጀርባው መጣ። ኤዶ የባላቸውን እህት እጅ አንጓው ላይ ይዘው ውኃው ውስጥ ነከሩት። «አማስይ» አሏት። አማሰለች። ውኃው በጣቶቿ ዙሪያ በራ።

«ወላሂ» አለች ቀስ ብላ።

አስተማሪዋ እዚህ ላይ እውነት መናገር አማራት። «እናቴ፣ በርበራ ላይ በእግር ሲነካ የሚበራው እንኳ ሌላ ዓይነት ነው። እሱም በዓይን አይታይም፣ ግን የእነዚህ ዘመድ አይደለም...»

«ዘመድ ነው» አሏት ኤዶ። «ዝም በይ።»

በኋላ ክፍል ውስጥ ግን ሙሉ ሰዓት ወስዳ ልዩነቱን አስተማረችን። ትክክል እሷ ነች። የዚያን ዕለት ግን ትክክሏ እሷ አልነበረችም።

መስኮቱ ሲከፈት እንግዳዋ ጣቶቿን በብርሃን እያገላበጠች አየቻቸው፤ ምንም የለባቸውም። ሳሙና ጠየቀች፣ ታጠበች፣ አሸተተች፣ እንደገና ታጠበች። ከዚያ እንደ ቀድሞው ሆነች።

«አንቺ ያልሺኝ ባሕር ነው» አለች። «ያሳየሺኝ ሳፋ ነው።»

«ባሕሩን ላምጣልሽ?»

«ሳፋ ከነደደ ባሕሩም ሳይነድ አይቀርም። ሳፋውን አምኛለሁ። ባሕሩን ሳየው።»

ኤዶ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። እንግዳዋም ሳቀች፤ ሁለቱ ተደጋግፈው፣ የአንዷ ምርኩዝ የሌላዋ ጉልበት ላይ ወድቆ፣ እየተያዩ ይስቃሉ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ የት እንደሚገባ ጠፍቶታል። ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፉን አወጣ፣ እናቱን አየ። እሳቸው ወደ እሱ አልዞሩም። በመስኮቱ ወደ ግቢው በር፣ ወደ ጋሪው፣ ከሥሩ ወደ ሠራው ኩሬ አዩ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉኝ። «በረዶህን አውርድ፤ ቀልጦ አለቀልህ።»

ልጁ ቁልፉን ወረወረልኝ። ቀለብኩት። ሳጥኖቹን አብሮኝ አወረደ፤ አፍንጫውን ይዞ፣ በአንድ እጁ።